ጨው ያልነካው ብረት

ግሌን ሞራ፣ ኬፕ ብሬተን
ሴፕቴምበር 9፣ 2019

ፊንሌይ ልጄ፣

ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ በልተህ የጠገብክ፣ ተኝተህም የነቃህ ሆነህ ያግኝህ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴን ሲያመኝ ዝናብ ይመጣል፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ጉልበቴን ያመኛል፤ ከዚያ በቀር ምንም አልሆንኩም። ስልክ እያለ ለምን እንደምጽፍልህ ታውቃለህ። በስልክ "ደህና ነኝ እትዬ" ትልና ትዘጋዋለህ። ወረቀት ላይ ግን ሰው ቢያንስ አንድ ገጽ መሙላት ይኖርበታል።

ዛሬ ወሬዬ የሚኒቫኗ ነው። ከአፕሪል ጀምሮ ጭራዋን ትወዛውዛለች። ቀስ ብዬ ስነዳት ምንም የለባትም። ድልድዩ ላይ ደርሼ ፍጥነት ስጨምር ግን ኋላዋ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ቀጥሎ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ መሪው እጄ ላይ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። መጀመሪያ መንገዱን ወቀስን። እዚህ አገር ሁሉም ነገር የመንገዱ ጥፋት ነው፤ ውርጩ አስፋልቱን ያሳብጠዋል፣ መንግሥት ደግሞ አያየውም። ከዚያ ጎሚስታው ጎማዎቹን ሚዛን አስያዛቸው፤ አልተሻላትም። ደግሞ አስያዛቸው፤ ባሰባት። ራናልድ ከኋላ ሆኖ፣ "ኤፊ፣ ይቺ ነገር የታመመችው መሪዋን አይደለም፣ ወገቧን ነው" አለኝ። ዕድሜውን ጀልባ ላይ የጨረሰ ሰው ነውና ሰማሁት።

ራናልድን ታስታውሰዋለህ፤ ዓሣ አጥማጁ፣ የቀዩ አንጉስ ልጅ። ስኳር አንድ እግሩን ወስዶበታል፣ ኩላሊቱም ሥራ አቁሟል። አስተማሪህ የነበረችው ሞራግም ኩላሊቷ እንደዚያው ሆኗል። ሁለቱንም በሳምንት ሦስት ቀን ከተማ ሆስፒታል ለኩላሊት እጥበት የማመላልሳቸው እኔ ነኝ። አውቶቡስ የለም። የራናልድ ተሽከርካሪ ወንበር የሚገባው ደግሞ በእኔ ቫን ተንሸራታች በር ብቻ ነው። ባሌ አርቺ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለእናቱ ብሎ የሠራው የእንጨት መወጣጫ ልኩ ለዚያ በር ነው። ቫኗ ከቆመች ሁለቱም ቤታቸውን ዘግተው ሆስፒታሉ አጠገብ ያለው መጦሪያ ሊገቡ ነው። ራናልድ እዚያ ከምታስገቡኝ ባሕር ውስጥ ጣሉኝ ብሏል። ቀልድ ይመስላል፤ ቀልድ አይደለም።

የሁለት ዓመቱ የመኪና ምርመራ ደግሞ በኦክቶበር ነው። የገረመኝ፣ ዝገት እንዳይበላት ብዬ ከሥሯ ዘይት ያላስረጨሁበት መኸር የለም። አስረጭቼም እንደ ደንባችን በአሮጌው የአፈር መንገድ እነዳትና አቧራ አለብሳታለሁ። አቧራ ያልያዘው ዘይት ተንጠባጥቦ ያልቃል፤ ይህን አንተም ታውቃለህ። ልጅ እያለህ በድሮዋ መኪናችን ከኋላ መስኮት አቧራውን እያየህ "ጨምሪ" ትለኝ ነበር። ታዲያ ወገቧን የበላት ዝገት ከሆነ ከየት መጣ?

ስለ አንተ ሳልጠይቅ ወረቀቱ አለቀ። ዳርካ ካረፈች ይሄ ሦስተኛ ክረምትህ ሊሆን ነው። ሚስትህ ናት፣ አትርሳት አልልህም። ግን ምግብ ትሠራለህ? መስኮትህን ትከፍታለህ? ጻፍልኝ።

ማርያም ካጠገብህ አትራቅ።
አክስትህ ኤፊ


ሜዲሲን ሃት፣ አልበርታ
ሴፕቴምበር 27፣ 2019

ለተከበሩ አክስቴ ኤፊ፣

ጤናዎ እንደ ልብዎ እንዲጠነክር እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። (ይኸው በወረቀትም አልኩት።) ሥራው አለ። ከጁላይ ወዲህ ጠብታ ዝናብ አልጣለም፣ ሜዳው ሁሉ ቢጫ ሆኗል።

እትዬ፣ ቫንዎ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። በእኛ አገር ክረምት፣ በረዶ ለማቅለጥ የሚበተነውን ያን ሁሉ የመንገድ ጨው እየረገጠች እዚህ መድረሷ ራሱ ተአምር ነው። ኋላዋ ከተወዛወዘ፣ ከኋላ ጎማ በላይ እንደ ቀስት የጎበጡት ተደራራቢ ብረቶች፣ ባሌስትራዎቹ ማለቴ ነው፣ የታሰሩበት ሻንሲ፣ የመኪናዋ የብረት አጽም፣ በስብሷል ማለት ነው። አንድ ቀን መንገድ ላይ ይገነጠላል፤ ያን ቀን ቫኗ ቀጥ ብላ አትሄድም። እባክዎ ይተዉአት። ይሽጧት አልልም፣ የሚገዛ የለም። ለብረት ሰብሳቢ ይስጧት።

እርስዎ ሰባ አራት ዓመትዎ ነው። ራናልድም ሞራግም ልጆች አሏቸው። ለምን እርስዎ?

ከዚህ ጋር ቼክ አለ። ለታክሲም ይሁን ለሌላ፣ እንዳሻዎ። በራሪ ወረቀትም አለ። እዚህ ለአረጋውያን አዲስ የተሠራ ሕንፃ ነው፣ ከእኔ ቤት በእግር የሚደረስ። በረንዳ አለው፣ ፀሐይ አለው፣ ሊፍት አለው። ስምዎን ተራ ጠባቂዎች ውስጥ አስመዝግቤያለሁ። የሚያስገድድዎ የለም፣ ተራው እንዳያልፍ ብዬ ነው። ያስቡበት።

ሞቅ ባለ ቤት ያኑርልኝ።
ፊንሌይ


ግሌን ሞራ
ኦክቶበር 15

ፊንሌይ፣

የአንተም ጤና እንደ ልብህ ይጠንክር፤ ልብህ ግን ትንሽ ይለስልስ።

ቼክህን መልሼልሃለሁ፣ እዚሁ ፖስታ ውስጥ ነው። ገንዘብ አልጠየቅኩህም። በራሪ ወረቀቱን አስቀርቼዋለሁ፤ ወፍራም ወረቀት ስለሆነ ለአንድ ነገር ይሆነኛል። ስሜን ግን ከዚያ ተራ አሰርዘው። ሳልሞት ስሜን ይዘው የሚዞሩ ሰዎች አልወድም። ፎቶግራፉ ላይ ያለችውን አሮጊት አየኋት። በረንዳ ላይ ተቀምጣ፣ እጇን አጣጥፋ፣ ምንም ሳትሠራ ትስቃለች። ምን እንደሚያስቃት አልገባኝም።

"ልጆች አሏቸው" ያልከው እውነት ነው። የራናልድ ልጅ ቶሮንቶ ናት። የሞራግ ልጅ ስኮትላንድ ነው። የኔ ልጅ የምለው ደግሞ አንተ ነህ፣ አንተም እዚያ ነህ። እዚህ የቀረነው እኛ ስለሆንን የምነዳው እኔ ነኝ። ሌላ ምክንያት የለውም።

ምርመራውን ዳንከን አደረገው፤ ጋራዡን ከአባቱ የወረሰው ዘመዳችን። ቫኗን ሰቅሎ በትንሿ መዶሻው ከፊት ጀምሮ ሲያንኳኳ ድምፁ ጥሩ ነበር፤ ቲን፣ ቲን ይላል። ወደ ኋላ ሲደርስ ካርቶን የሚመታ መሰለ። በግራ በኩል ባሌስትራው ከታሰረበት ቦታ ላይ መዶሻው ገብቶ ቀረ። ዳንከን መዶሻውን ነቅሎ ቀዳዳውን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ አወረዳትና የኋላውን ምንጣፍ ገለጠ። ከሥሩ ነጭ የጨው ቅርፊት፣ አሸዋ፣ የደረቀ የባሕር አረም፣ አንድ ትንሽ ሸርጣንም ነበር፣ እግሮቹን ሰብስቦ ደርቆ።

"እትዬ ኤፊ፣ መንገዱ አይደለም የበላት። እርስዎ ነዎት ያስበሏት" አለኝ።

ነገሩ ገብቶሃል። አርቺ ሞቶ ፒካፑ ከተሸጠ ወዲህ ለድንች መደቤ ማዳበሪያ የሚሆነውን የባሕር አረም የማመላልሰው በቫኗ ነው። እናቴ በፈረስ ጋሪ አመላለሰች፣ አርቺ በፒካፕ፣ እኔ በቫን። ያለ ባሕር አረም ድንች የሚተክል ሰው በዚህ መንደር እንደ ሰው አይቆጠርም። ታዲያ በየመኸሩ ከሥር ዘይት እያስረጨሁ፣ በዚያው ሳምንት ከላይ ጨው የሚያንጠባጥብ ከረጢት እጭንባት ነበር። ዳንከን ሆዱን እስኪያመው ሳቀ። ይሳቅ። ድንቹ ጥሩ ነበር፣ እሱም በልቶታል፣ አንተም በልተኸዋል።

ስቆ ሲያበቃ ቀይ ወረቀት ለጠፈባት። እስክትጠገን ሰው አይጫንባትም። ጎረቤቶቼ በየተራ ምክር ይዘው መጡ። ከሥሯ ጥቁር ቀለም ቀብተሽ ሌላ መርማሪ ጋ ውሰጃት ይሉኛል። ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው፤ ከቀለሙ ሥር ብረቱ አመድ ሆኖ ሳለ መኪናው የማለፊያ ወረቀቱን ያገኛል። እኔ አላደርገውም። ራናልድን ቀለም ላይ አስቀምጬ ድልድይ አላሻግርም።

ዳንከን ግን አንድ መላ አለ። የበሰበሰ ላይ አዲስ ብረት ቢበየድ አይዝም። እስከ ጤነኛው ድረስ ቆርጦ፣ በቦታው ከዚያው ዓይነት ቫን የተቆረጠ ቢያስገባበት፣ ባሌስትራው ጎማዎቹን ከሚያገናኘው ብረት፣ ከአክስሉ ጋር፣ ከነማሰሪያው፣ ያን ጊዜ እንደ ድሮዋ ትሆናለች። ግን ጨው ያልነካው ብረት መሆን አለበት። በዚህ ደሴት ላይ ጨው ያልነካው ነገር የለም፣ እኔን ጨምሮ። አንተ ጋ ደግሞ ዝናብ እንኳን የለም ብለሃል።

ስለዚህ ገንዘብ አትላክልኝ። ብረት ፈልግልኝ። ዓመቷንና ዓይነቷን ታውቃለህ፤ ከማንም በላይ ታውቃለህ።

መንገድህን ያቅናልህ።
አክስትህ ኤፊ


ሜዲሲን ሃት
ኖቬምበር 4

ለተከበሩ አክስቴ ኤፊ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ፤ ለራናልድና ለመምህርት ሞራግም ያድርሱልኝ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነበር።

አሮጌ መኪና የሚፈታበት ግቢ ሄጄ ጠየቅኩ። ያ ዓይነት ቫን የለም። ነበረ፣ ተጨፍልቆ ሄዷል አሉኝ። ሌላም ቦታ ደወልኩ፣ እዚያም የለም። ብረቱ ቢገኝስ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ማን ይሸከመዋል?

ስምዎን ገና አላሰረዝኩም። ክረምቱ ይለፍና ያን ጊዜ እንነጋገራለን።

የሸርጣኑን ነገር ሳነብ ሳቅኩ። ብቻዬን ቤት ውስጥ ስስቅ ድምፄ እንግዳ ሆነብኝ።

እዚህ ውርጭ ጀምሯል። ሌላ ወሬ የለም።

ያክርምልኝ።
ፊንሌይ


ግሌን ሞራ
ኖቬምበር 13

ፊንሌይ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ሰላምታውን ያሳጠርኩት ስለተናደድኩ ነው።

መጀመሪያ የዚህን አገር ወሬ ስማ። ቫኗ ከቆመች ወዲህ ራናልድንና ሞራግን የሚያመላልሷቸው ቄሱ ናቸው፣ አባ ኮሊን፣ በዚያች ትንሽ መኪናቸው። ተሽከርካሪ ወንበሩ አይገባም። ሁለት ሰው ራናልድን አቅፎ ያስገባዋል፣ ሁለት ሰው አቅፎ ያወጣዋል። በወጣትነቱ ሦስት ሰው የማያነሳውን መረብ ብቻውን የሚጎትት የነበረ ሰው አሁን ሲያነሱት ዓይኑን ይጨፍናል። ባለፈው ሐሙስ ተዉኝ፣ ዛሬ አልሄድም አለ። ቀረ። ቅዳሜ እግሩ አብጦ ፊቱ ግራጫ ሆኖ አገኘሁት። ልጁ ከቶሮንቶ ደወለች፣ ተጨቃጨቁ፣ ከዚያ መጦሪያው ውስጥ አልጋ ያዘችለት። ከአዲስ ዓመት ጀምሮ ነው። ሞራግም ራናልድ ከሄደ ማን ይሰድበኛል ብላ አብሬው እገባለሁ ትላለች። ዶሮዎቿን ለጎረቤት ማከፋፈል ጀምራለች። ሁለት ቤት በአንድ ወር ሊዘጋ ነው፤ የኔ ሦስተኛ እንዲሆን የምትጠብቅ ይመስለኛል።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ግቢው ውስጥ የለም ብለህ ጻፍክልኝ። የትኛውን ግቢ ነው ያየኸው? የራስህን አይተሃል?

የዳንከን ወንድም ኢያን እዚያ አንተ አካባቢ እንደሚሠራ ትረሳለህ። ባለፈው ዕረፍት ሲመጣ ነግሮኛል። ከጋራዥህ ጎን ሸራ ለብሳ ቆማለች አለኝ። አንዳንድ እሑድ ጎማዎቿን ስትነፋ ያይሃል። የዳርካ ቫን። ከኔዋ ጋር በአንድ ዓመት የተሠራች፣ ቀለሟ እንኳን ያው ሰማያዊ። ዳርካ ያን በጋ እዚህ ስትመጣ ቁልፌን ተቀብላኝ ባሕር ዳር ድረስ ነድታ የተመለሰች ቀን አብሬያት ነበርኩ። "ፊንሌይ፣ ይቺን ነው የምፈልገው" ያለችህ እኔ ጓሮ ውስጥ ነው። እንደተመለሳችሁ ገዛችሁ።

የእሷን ቫን እንዳላነሳብህ ብዬ ሁለት ደብዳቤ ሙሉ ዙሪያውን ዞርኩ። አንተም ዞርክ። በቃ፣ ዞረን ደከመን። አንተ የኔን ቫን ቅበሪያት ትለኛለህ። እዚያ ግን አንተ ያልቀበርካት አለች።

አልቅሼላታለሁ፤ ስለዚህ ይህን የመናገር መብት አለኝ።

አክስትህ ኤፊ


ሜዲሲን ሃት
ኖቬምበር 24

አክስቴ፣

እናቴ ስትሞት ወስደው ላሳደጉኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለዚህ ደብዳቤዎ ግን አልልም። ይህን ካልኩ በኋላ የሚከተለውን ይስሙኝ።

ዳርካ መለዋወጫ አይደለችም።

የለም ያልኩት ውሸቴን ነው፤ ወደ ግቢውም አንድ ጊዜ ደወልኩ እንጂ አልሄድኩም። አዎ፣ ቫኗ እዚህ አለች። የጸጉር መያዣዋ የማርሹ ዘንግ ላይ እንደተጠመጠመ ነው። የበሩ ኪስ የሱፍ ቅርፊት ሞልቶታል፤ እየነዳች ፍሬውን በጥርሷ እየፈለቀቀች ቅርፊቱን እዚያ ትከተው ነበር፣ በዚህ ስንት ጊዜ ተጣልተናል። ወንበሩ በእሷ እግር ልክ ተጠግቶ እንደቆመ ነው። እኔ ልግባ ብል ወደ ኋላ መግፋት ይኖርብኛል። ስለዚህ አልገባም። ጎማዋን እነፋለሁ፣ ሸራውን አስተካክላለሁ፣ ወደ ቤት እመለሳለሁ። ይህን ኢያን ለመንደሩ ሁሉ ማውራቱን አላውቅም ነበር።

እርስዎ ግማሿን ቆርጠህ ላክልኝ ይሉኛል። አልልክም። ለራናልድ ታክሲ ልክፈል፣ ለመምህርት ሞራግ የሚረዳት ሰው ልቅጠር፣ ሌላ ማንኛውንም ነገር ይጠይቁኝ። ይህን ግን አይጠይቁኝ። ራናልድ ይቅር ይበለኝ።

ፊንሌይ


ግሌን ሞራ
ዲሴምበር 2

ፊንሌይ ልጄ፣

ደግ አደረግክ። በቁጣም ቢሆን ወረቀት ሞላህ፤ የእሷንም ስም ጻፍክ። ከቀብሯ ወዲህ በጽሑፍህ ስሟን ሳይ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። የሱፍ ቅርፊቱን እኔም አስታውሳለሁ። የኔንም ቫን በአንድ ሳምንት ውስጥ የወፍ ጎጆ አስመስላት ነበር የሄደችው።

የተናገርኩትን አላነሳም። ግን ደግሜ አልጠይቅህም። እምቢ የማለት መብት የኔ ብቻ አይደለም፤ ያስተማርኩህም እኔው ነኝ።

የአርቺ ቦት ጫማ በሩ ሥር እንዳለ ታውቃለህ። ከሞተ በኋላ ሁለት ክረምት ማንም አልነካውም፤ ስጠርግ እንኳን ዙሪያውን ነበር የምጠርገው። አንድ ጠዋት በረዶው ከባድ ነበር፣ የኔ ጫማ ተቀዷል፣ ዶሮዎቹ ደግሞ ይጮኻሉ። አደረግኩት። ሰፋኝ፣ ካልሲ ደረብኩበት። ዶሮዎቹ ጋ ደርሼ ስመለስ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ከዚያ ተነስቼ ቁርሴን በላሁ። እስከ ዛሬ በእሱ ነው የምወጣው። ይህን የምነግርህ ልመክርህ አይደለም። ጫማው ሙቅ መሆኑን እንድታውቅ ብዬ ነው።

ራናልድ አሁንም እምቢ እንዳለ ነው። ልጁ የመጦሪያውን ወረቀት ፈርም ብላ ላከችለት፤ እጄን አሞኛል፣ ብዕር መያዝ አልችልም አላት። በዚያው ቀን ካርታ ስንጫወት ሲያሸንፈኝ ግን እጁ ምንም አልነበረውም። እኔም ቫኗን ለብረት ሰብሳቢ አልሰጥም። ጓሮ ቆማ ትታየኝ።

ደግሞ ስሜን አሰርዝ።

እንቅልፍህን የሰላም ያድርግልህ።
አክስትህ ኤፊ


ሜዲሲን ሃት
ዲሴምበር 12

እትዬ ኤፊ፣

ከጤና ጋር ያግኝዎ። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልዎ ኢያን ነው። ለገና አገሩ በፒካፑ እየነዳ ሊገባ ነው፣ ከኋላ የጫነው ነገር የእርስዎ ነው። ዳንከን ይረከብልዎ። እርስዎ እንዳያነሱት፤ አውቅዎታለሁ።

እሑድ ዕለት ሸራውን ገፈፍኩ። ቁልፉን ይዤ ብዙ ቆምኩ። በበሩ መግባት አቃተኝ፣ ስለዚህ ከሥር ገባሁ። ክሪክ አስገብቼ አነሳኋትና በጀርባዬ ተኛሁ። እትዬ፣ ብሎኖቹ ያለ እሳት ተፈቱ። እኛ አገር ብሎን እንዴት እንደሚፈታ ያውቃሉ፤ አባቴ ሳይሳደብ የፈታው ብሎን ትዝ አይለኝም። እነዚህ ግን ትናንት የታሰሩ ይመስል ዞሩ። ብረቱ ፋብሪካ የሰጠውን ቀለም እንደያዘ ነው። አቧራ ብቻ ነበረበት፣ ከእኛ ቤት እስከ እናቷ እርሻ ያለው የአፈር መንገድ አቧራ። በየሳምንቱ እናቷን ለማየት የምትነዳው በእሱ ላይ ነበር። ብሎን ባዞርኩ ቁጥር እየረገፈ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። አለቀስኩ። መጀመሪያ በአቧራው አመካኘሁ፣ በኋላ ማን ያየኛል ብዬ ማመካኘቱንም ተውኩት።

ባሌስትራዎቹና አክስሉ ሙሉ ናቸው። የታሰሩበትን የሻንሲ ክፍል ዳንከን በስልክ ከነገረኝ ልክ ትንሽ አስረዝሜ ቆርጬዋለሁ፣ እሱ በልኩ ያስተካክለው። ኢያን ሊረዳኝ መጥቶ ነበር። ብቻዬን ልሥራው ስለው ሻይ አፍልቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፣ እስክጨርስም አልተናገረኝም። ወሬ ማብዛቱን ይቅር ብዬዋለሁ።

አሁን ኋላዋ እንጨት ላይ ነው። ሸራውን አልመለስኩም። ቆርጬ ስጨርስ በሩን ከፍቼ ገባሁና ወንበሩን ገፋሁት፣ በቀላሉ ሄደልኝ። የጸጉር መያዣዋ እኔ ጋ ነው። የሱፍ ቅርፊቱን ግን አልነካሁትም፤ እሱ ይቆየኝ።

እምቢ ያልኩትን የመለስኩት እርስዎ ስላላስገደዱኝ ነው። ቢያስገድዱኝ ኖሮ እስክሞት አልለቅም ነበር፤ ያሳደገኝን ሰው ያውቃሉ። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ። የባሕር አረም አይጫንባትም። በረዶ ቢወርድ፣ ድንቹ ቢቀር፣ አይጫንባትም።

ስምዎን አሰርዣለሁ። ጽሕፈት ቤቱ ያለችው ሴትዮ በሐዘን ድምፅ "አርፈው ነው?" አለችኝ። "የለም፣ ሥራ ላይ ናቸው" አልኳት።

ፊንሌይዎ


ግሌን ሞራ
ዲሴምበር 29

ፊንሌይ ልጄ፣

በዚህ በዓል ሰሞን ከየቤቱ የሚወጣው ምርቃት ሁሉ አንተ ላይ ይረፍ። ገበታህ ሰው አይጣ፣ እጅህም ይባረክ።

ኢያን የገባው ከገና አምስት ቀን ቀደም ብሎ ነው። እቤቱ ሳይደርስ፣ ልጆቹን ሳይስም፣ ቀጥታ ጋራዡ በር ላይ ቆመ። ብረትህን በልጆቹ ስጦታዎች መሐል አስተኝቶት ነበር፣ አንዱ ባሌስትራ ላይ ቀይ ሪባን ታስሮበታል። ማን እንዳሰረው አይናገርም። ዳንከን ብረቱን በመዶሻው መታ አደረገው፤ ድምፁ ጋራዡ ውስጥ ለብዙ ጊዜ ቆየ። ዳንከን እንዲህ ያለ ድምፅ በዚህ ጋራዥ ሰምቶ አያውቅም፤ ደግሞ መታው። ሦስተኛ ሊመታው ሲል ሥራህን ሥራ አልኩት።

ብየዳው የሚፈልገውን ያህል ጊዜ ወሰደ። ራናልድ ወንበሩን አስገፍቶ መጥቶ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ማንም ያልጠየቀውን ትእዛዝ ሲሰጥ ዋለ። ሞራግ የበያጁን ብልጭታ አትይ ብላው ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ ደፋችበት። ሲያልቅ ዳንከን ከፊት እስከ ኋላ በመዶሻው መረመራት፣ ለዘመድ እንዳላደላ ምስክር ይሁኑኝ ብሎ አባ ኮሊንን አስጠራቸው። ቀዩን ወረቀት ልጦ አዲሱን ለጠፈ።

አሁን የምነግርህን በደንብ አንብበው። ከምርመራው በኋላ ዳንከን ዘይት ሊረጭላት ሰቀላት። መጀመሪያ ብረቱን ላጥበው ብሎ የውኃ ቱቦውን ያዘ። ከፊቱ ቆምኩ። አቧራ ነው እኮ እትዬ አለኝ። "አቧራ መሆኑን አውቃለሁ። እንዳትነካው" አልኩት። የኛ የአፈር መንገድ በውርጭ ድንጋይ ሆኗል፣ እስከ ሜይ አንድ ጭብጥ አቧራ አይገኝበትም፤ ያለ አቧራ ደግሞ ዘይቱ አይዝም። ይኸው አቧራው ራሱ አገር አቋርጦ መጥቷል። ዳንከን የማን አቧራ እንደሆነ ከኢያን ሰምቷል መሰለኝ፣ ቱቦውን አስቀመጠ። ዘይቱን በላዩ ላይ ረጨው፣ ቀስ እያለ፣ አንዱም እንዳይረግፍ።

ቅዳሜ ዕለት ሁለቱንም ጭኜ ወጣሁ። ራናልድ በአርቺ መወጣጫ፣ በራሱ ወንበር ላይ ሆኖ፣ ማንም ሳያቅፈው ገባ። ድልድዩ ላይ ስደርስ እንደ ወትሮው ወሬ አቆሙ። ፍጥነት ጨመርኩ። ኋላዋ ዝም አለ። ጥቂት ጨመርኩ፣ ዝም። ከዚያ ሁለቱንም እጄን ከመሪው ላይ አነሳሁ። ሞራግ ዓይኗን ጨፍና ጸሎት ጀመረች። ቫኗ ቀጥ ብላ ሄደች፣ ፊንሌይ፣ እንደተሰመረ መስመር።

"ኤፊ፣ እጅሽን መልሺ፣ አምኜሻለሁ" አለ ራናልድ።

ልጁ ስትደውል እጁ እንደዳነና መጦሪያው አልጋውን ለፈለገ ሰው ሊሰጥ እንደሚችል ነገራት። ሞራግ ዶሮዎቿን እየዞረች እያስመለሰች ነው፤ አንዷን በልተናታል ያለ ጎረቤት አለ፣ ከእሱ ጋር ገና አልተስማሙም።

ያጠበቅከውን ተቀብያለሁ። የባሕር አረሙን ከአሁን በኋላ ዳንከን በጭነት መኪናው ያመጣልኛል። እሱ ገና አያውቅም። ቫኗ ከፊት በኩል ትንሽ የሞተር ዘይት ታንጠባጥባለች፣ ዕድሜ ነው። በራሪ ወረቀትህን ከሥሯ አንጥፌዋለሁ። በረንዳው ላይ የምትስቀው አሮጊት በመጨረሻ ሥራ አገኘች።

በበጋ ና። ቁልፉን እሰጥሃለሁ፣ ባሕር ዳር ድረስ ትነዳታለህ። ስትመጣ ከዚያ የሱፍ ቅርፊት አንድ እፍኝ ብታመጣ የበሩ ኪስ ባዶ ነው። ባታመጣም አልቀየምህም።

ዛሬ ጠዋት ጨው በታኙ የመንግሥት መኪና በቤቴ ፊት ወረደ። የአርቺን ጫማ አድርጌ በር ላይ ቆሜ ነበር። መንገዱን ሁሉ ነጭ አድርጎት አለፈ፣ ቫኗ ጋ ሲደርስ ጎኗ ላይ ሳይቀር ረጨባት። ከሥሯ የዳርካ መንገድ አቧራ እንዳለ እሱ አያውቅም። ጨዉ ከፈለገ ይምጣ።

አክስትህ ኤፊ